«ስልኳ ላይ ሁሉንም ሰምታዋለች፤ ኮንሰርቱ ታዲያ በምን ይለያል?»

ጥያቄ፦ «ልጄ 12 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ለልደቷ የጠየቀችኝ ስጦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሌት ተቀን የምትሰማውን ራፐር ኮንሰርቱ ላይ ማየት። ዘፈኖቹ ስድብ ሞልቶባቸዋል፤ ስለ ወሲብም ስለ ዕፅም በግልጽ ያወራል። የቅርብ ጓደኛዋ ትሄዳለች፤ ሁለቱንም ይዤ እገባለሁ ያለችው የጓደኛዋ እህት 19 ዓመቷ ነው። ቲኬቱ መድረኩ ፊት ለፊት በቁም የሚታይበት ነው። ባለቤቴ ‹ራፕ ከሆነ ልጄ አትሄድም› ብሎ ጨርሷል። እኔ ግን ልጅቷ ስልኳ ላይ ሁሉንም ሰምታዋለች፤ ኮንሰርቱ ታዲያ በምን ይለያል እላለሁ። የጓደኛዋ እናት እስከ ዓርብ መልስ ትፈልጋለች። ምን ይሻለኛል?» — ግራ የገባት እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዓርብ ቅርብ ስለሆነ ዋናውን መልስ ላስቀድም። ልጅዎ ከ19 ዓመቷ ወጣት ጋር፣ መድረኩ ሥር በቁም በሚታይበት ቦታ አትግባ። ይህን ለማለት የዘፈኖቹን ይዘት ማወቅ አያስፈልገኝም፤ የሚዘፈነው ምንም ይሁን ምን ያ ቦታ ለ11 ዓመት ልጅ አይሆንም። ከእርስዎ ወይም ከአባቷ ጋር፣ ቁጥር ባለው ወንበር ከሆነ ግን «በፍጹም» አልልም። እሱን የሚወስኑት የግጥሞቹ ይዘትና የልጅዎ ብስለት ናቸው። ሁለቱንም ከዓርብ በፊት፣ በሁለት ምሽት ሥራ ማወቅ ይቻላል።

እርስዎና ባለቤትዎ ያልተስማማችሁት ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው ስለቀረቡላችሁ ይመስለኛል። አንዱ ስለ ቦታው ነው፤ ሌላው መድረኩ ላይ ስለሚባለውና ስለሚታየው፤ ሦስተኛው አብሯት ስለሚሆነው ሰው። «ራፕ ነው» ማለት ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ራፕ ሰፊ የጥበብ ዘርፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የራፕ አልበም በአሜሪካ ትልቅ ክብር ያለውን የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቢሰማው የሚጠቀምበት ራፐር አለ፣ ጨርሶ የማይመጥነውም አለ። «ስልኳ ላይ ሰምታዋለች» የሚለው የእርስዎ ክርክርም ስለ ቦታውና ስለ አጃቢዋ ምንም አይነግረንም፤ ስለ ይዘቱም የሚነግረን ግማሹን ነው።

በ11 ዓመቷ የአንዲት ልጅ ቁመት በአማካይ 1 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቆመ ሕዝብ መሀል ፊቷ ከአዋቂ ትከሻ በታች ይውላል። መድረኩን አታይም፤ የምትተነፍሰው በአካላት መካከል የታፈነውን አየር ነው፤ ሲዘለልና እጅ ሲወዛወዝ የሚወርደው ክርን የሚያርፈው ጭንቅላቷ ላይ ነው። ሕዝቡ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ሲጠጋጋ ደግሞ ማንም በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ እየከበደው ይሄዳል። ከኋላ የተነሣ ግፊት ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ፊት ባሉት ላይ ይጠራቀማል። በግፊያ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ አይደለም የሚሞተው። ደረቱ ከፊትና ከኋላ ተጨፍልቆ ሳንባው መስፋት ስለሚያቅተው፣ ቆሞ እንዳለ ታፍኖ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ በተካሄደው አስትሮወርልድ በተባለ የራፕ ፌስቲቫል 10 ሰዎች በዚህ መንገድ አልቀዋል። ከሁሉም ትንሹ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ የሄደውም ከአባቱ ጋር ነው። አደጋው ከሙዚቃው ዓይነት ጋር ግንኙነት የለውም፦ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ በአንድ የሮክ ኮንሰርት መግቢያ ላይ 11 ሰዎች፣ በ2000 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ በሮስኪልዴ ፌስቲቫል 9 ሰዎች በተመሳሳይ ግፊያ ሞተዋል። ስለዚህ የቆመውን ቲኬት እርስዎ ራስዎ አብረው ቢገቡም አልመክረውም። የወላጅ እጅ ሕዝብን አይገፋም።

በብዙ የራፕ ኮንሰርቶች ላይ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ዘፋኙ ራሱ «ክፈቱት!» ብሎ ሕዝቡ መሀሉን ክብ አድርጎ እንዲለቅ ያዛል፤ ከዚያ ምቱ ሲወርድ ከየአቅጣጫው እየሮጡ ይላተማሉ። ለ20 ዓመት ወጣት ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ክቡ የት እንደሚከፈት ግን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዳር ነኝ ያለ ሰው በአንድ ዘፈን ውስጥ መሀል ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ጓደኛዋ እህት። ጥሩ ልጅ እንደሆነች አልጠራጠርም። ችግሩ እሷም ለመደሰት የምትሄድ መሆኗ ነው። በምትወደው ዘፈን መሀል አንዷ ልጅ «ሽንት ቤት» ስትላት፣ ሌላዋ «ከዚህ አልንቀሳቀስም» ስትላት ምን ታደርጋለች? አንዷ ራሷን ቢያዞራት ሁለተኛዋን ለማን ትታ ትወጣለች? አንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ይዞ ሲገባ አንዷ ስትታመም ሁለቱም አብረው የሚወጡ መሆናቸው አስቀድሞ የተቆረጠ ነገር መሆን አለበት፤ ይህን በ19 ዓመት ጫንቃ ላይ መጫን ለእሷም አይገባም። በዚያ ላይ ብዙ አዳራሾች ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ እንዲኖር ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ የአጃቢውን ዕድሜ 21 ወይም 25 ያደርጉታል። ይህ የሚጻፈው በቲኬቱ ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል ነው፤ ሳያነቡት በር ላይ የሚመለስ ሰው ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስለትም።

ወደ ጥያቄዎ ልብ ልምጣ፦ ኮንሰርቱ ከስልኩ በምን ይለያል?

መጀመሪያ፣ ልጅዎ ስልኳ ላይ የትኛውን ቅጂ እንደምትሰማ ያረጋግጡ። ብዙ የራፕ ዘፈኖች ሁለት ቅጂ አላቸው፤ አንዱ ያልተነካው፣ ሌላው ጸያፍ ቃሎቹ የተቆረጡበት። በሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ያልተነካው ከርዕሱ አጠገብ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የእንግሊዝኛው «ኢ» (E) ፊደል ይደረግበታል። መድረክ ላይ የተቆረጠ ቅጂ የለም። የተጠረገውን ስትሰማ የኖረች ልጅ ዋናውን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው በአሥር ሺህ ሰው ጩኸት ይሆናል።

ምልክቱ ራሱም ብዙ አይናገርም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስለ ዘፈን ግጥሞች ይዘት የተደረገው ክርክር ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው፣ በአልበም ሽፋን ላይ የሚለጠፈው የወላጆች ማስጠንቀቂያ በ1990 ዛሬ የምናውቀውን ጥቁርና ነጭ መልክ ያዘ። የሚለጥፈው ገለልተኛ ወገን ሳይሆን ሙዚቃውን የሚያወጣው ራሱ ነው። ዕድሜ አይጠቅስም፤ አንድ የስድብ ቃል ይሁን ሙሉ የወሲብ ትረካም አይለይም። ኮንሰርት ደግሞ ይህም የለውም። ፊልም በዕድሜ ይመደባል፤ የመድረክ ዝግጅት እንዲህ ያለ ምደባ የለውም። ቲኬቱ ላይ «ለሁሉም ዕድሜ» የሚል ቢያነቡ ያ ስለ ይዘቱ የተሰጠ ምስክርነት እንዳይመስልዎ። የቲኬት የዕድሜ ገደብ በአብዛኛው የሚወጣው ከመጠጥ ሽያጭ፣ ከአዳራሹ ፈቃድና ከደኅንነት ጋር ተያይዞ ነው።

ከቃሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ልዩነት ነው። ክፍሏ ውስጥ የምትሰማ ልጅ ዘፈኑን ታሳልፈዋለች፣ ድምፁን ትቀንሳለች፣ ያልገባት ቃል በጆሮዋ አልፎ ይሄዳል። ብዙ የ11 ዓመት ልጆች ትርጉሙን ሳያውቁ ነው ግጥሙን በቃላቸው የሚይዙት፤ የሚይዙት ምቱንና ዜማውን ነው። መድረክ ላይ ያው ስንኝ አካልና ምስል ያገኛል። ዳንሰኞቹ ይተውኑታል፤ ከዘፋኙ ኋላ ያለው ግዙፍ ስክሪን ያሳየዋል። ከዚያም ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዙሮ «እናንተ በሉት» ይላል። ዙሪያዋን ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ሴትን የሚያዋርድ መስመር እየሳቁ ሲጮኹ ልጅቷ የምትማረው ይህ አዋቂዎች የሚስማሙበት ነገር እንደሆነ ነው። ቤት ውስጥ አድማጭ ነበረች፤ እዚያ ተሳታፊ ናት። አጠገቧ የሚያገናዝብላት ሰው ካለ ይህን መቋቋም ይቻላል። ከሌለ ከባድ ነው።

ስለዚህ ግጥሞቹን ያንብቡ። መስማት አይበቃም፤ ፈጣን ራፕ በጆሮ ሲሰማ ግማሹ ያመልጣል፤ የሰፈር አነጋገሩም ለአዋቂ ራሱ አይገባም። አሠራሩ ይህ ነው፦ ዘፋኙ በዚህ ዙር ባለፉት ሳምንታት በሌሎች ከተሞች የዘፈናቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ይፈልጉ። በአንድ ዙር ውስጥ መብራቱና ምስሉ ከዘፈኖቹ ጋር ተገጣጥሞ ስለሚዘጋጅ ዝርዝሩ ከከተማ ከተማ ብዙም አይለዋወጥም። ራፐሮች አንዳንዱን ዘፈን በግማሽ ስለሚቆርጡት 20 ወይም ከዚያ በላይ ዘፈን ሊያገኙ ይችላሉ። የእያንዳንዱን ግጥም ከነማብራሪያው የሚያስነብቡ ገጾች አሉ። እያነበቡ ወረቀት ላይ ለይተው ይጻፉ፦ ተራ ስድብ፣ ዕፅና መጠጥ፣ ጦር መሣሪያና ግድያ፣ ወሲብ፣ ሴትን ማዋረድ።

አምስቱ እኩል አይመዝኑም። ተራ ስድብ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ልጅዎ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰምታዋለች፣ የት እንደማይባልም ታውቃለች። ስለ ዓመፅ የሚያወራ ግጥም ሁለት ዓይነት ነው። የሞተ ጓደኛውን የሚያለቅስ፣ የኖረበትን ችግር የሚመሰክር አለ፤ መግደልን እንደ ጀብዱ የሚቆጥርም አለ። የመጀመሪያው ለጥሩ ውይይት በር ይከፍታል። ሴት እንደ ዕቃ የምትቆጠርበት፣ እምቢታዋ የሚናቅበት ግጥም ግን በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ልጅ ከባዱ ነው፤ ለወንድ ልጅም ቢሆን ያው ነው። ሰውነቷ መለወጥ በጀመረበት፣ ስለ ራሷ የምታስበው ገና ባልረጋበት ጊዜ ላይ ናት። ከዝርዝሩ ሲሶ ያህሉ እዚህ መደብ ውስጥ ከወደቀ፣ ወንበርም ቢኖር አጃቢም ቢኖር በዚህ ዓመት አይሆንም እላለሁ። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ እነዚያን ስንኞች ዓይኗን እያዩ ማስረዳት ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። አፍዎ ላይ ካልወጣልዎ፣ አብረዋት ቁጭ ብለው መስማትም አይችሉም።

ሁለተኛው ሥራ ቪዲዮ ማየት ነው፤ ዘፋኙ ያሳተመውን የተዋበ ቪዲዮ አይደለም፣ ታዳሚ በስልኩ የቀረጸውን። ሦስት ነገር ይፈልጉ። በዘፈኖች መካከል ምን ያወራል? ብዙ ጊዜ ከግጥሙ የሚብሰው እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል? ወንበር ያለበት ክፍል ውስጥ ተመልካቹ ማን ነው፤ ቤተሰብ ይታያል ወይስ ሁሉም ወጣት ነው? ከዋናው ዘፋኝ በፊት የሚወጡትንም አይርሱ። ስማቸው ስለማይታወቅ ማንም አይመረምራቸውም፤ ትኩረት ለማግኘት ሲሉ ከዋናው የባሰ የሚናገሩም አሉ።

ከዚያ ልጅዎን ያናግሯት፤ ፈተና እንዳይመስላት አድርገው። «በጣም የምትወጂያቸውን ሦስት ዘፈኖች አሰሚኝ» ይበሏት፤ አብረው ይስሙ፤ ሳያቋርጡ፣ ፊትዎን ሳያጠቁሩ። ቀጥለው «እዚህ ጋ የሚያወራው ስለ ማን ነው? እውነት የሆነበትን ነው ወይስ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቋት። «ይሄኛው መስመር ደስ አይለኝም፣ ግን ያደገበትን ሰፈር እያወራ ነው» የምትል ልጅ በዘፋኙና በራሷ መካከል ርቀት ማስቀመጥ ጀምራለች። «ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ ዘፈን ነው» ካለች አልገባትም ወይም አፍራለች፤ ሁለቱም ገና መሆኗን ይናገራሉ። ለምን መሄድ እንደፈለገችም ያድምጡ። አንዳንዷ በእርግጥ ሙዚቃውን ትወዳለች። አንዳንዷ ደግሞ ሰኞ ክፍል ውስጥ «አልሄድኩም» ማለትን ነው የምትፈራው፤ ይህ ከሆነ ለችግሩ ሌላ መፍትሔ ይገኝለታል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ድምፁን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት የመዝናኛ ቦታ ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ኮንሰርት ከዚያ ያልፋል። ለልጅ ጆሮ ያለ ስጋት የሚመከረው 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ድርሻ በደቂቃዎች ያልቃል። ድምፁን በእርግጥ በ20 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መድፈኛ ካደረገች ወደ 80 ይወርዳል፤ ያኔ የሦስት ሰዓት ኮንሰርት የሳምንቱን ድርሻ ሩብ ያህል ብቻ ይወስዳል። «በእርግጥ» ያልኩት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው በትክክል ሲገባ ብቻ ስለሆነ ነው። የስፖንጁን ዓይነት በጣቶችዎ ቀጭን እስኪሆን ይጠቅልሉት፤ በሌላው እጅ የጆሮዋን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪሰፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይዘው ይቆዩ። መግባቱን ለማወቅ በመዳፏ ጆሮዋን ትሸፍን፤ ድምፁ በጣም ከቀነሰ መድፈኛው አልያዘም ማለት ነው። የልጅ ጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የአዋቂው ተንሸራቶ ይወጣል፤ ትንሹን መጠን ይግዙ፣ ካልያዘ በራስ ላይ የሚጠለቀውን የጆሮ መከላከያ ይጠቀሙ። ቤት ውስጥ ከቀኑ በፊት ትለማመድበት፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚማሩት ነገር አይደለም። ትርፍ ጥንድ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ እርስዎም ያድርጉ፤ እናቷ ካላደረገች እሷም ታወልቀዋለች። በማግስቱ ጆሮዋ ቢያቃጭል ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል፤ ካልተወ ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂዱ።

ልጅዎ በብልጭታ የሚነሣ የሚጥል ሕመም ካለባት ይቅርባት፤ በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ይቀሰቅሰዋል። አስም ካለባት የመድረኩ ጭስና የታዳሚው ሲጋራ ስለሚያስቸግራት መተንፈሻዋ ከእጅዎ አይለይ።

ሁሉን አይተው «እሺ» ካሉ፣ ወንበሩን ይምረጡ። ከወለሉ ከፍ ባለው ክፍል፣ የረድፉ ጫፍ ላይ፣ መተላለፊያው አጠገብ። ወንበር ያለበትም ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ስለሚነሣ ዳር ላይ የተቀመጠች ልጅ በመተላለፊያው በኩል ታያለች፤ መውጣት ሲያስፈልግም የማንንም ጉልበት አይሻገሩም። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ይተዉት። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ቢሆን ይሻላል። በር ከተከፈተ በኋላ ዋናው ዘፋኝ እስኪወጣ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል በር ሲከፈት ለመድረስ አይጣደፉ፤ ልጅ የሚደክመው በመጠበቅ ነው።

ከቤት ሲወጡ የዕለቱን ልብሷን የሚያሳይ ፎቶ ያንሷት፤ ብትጠፋ ለጥበቃ የሚያሳዩት እሱን ነው። ስልክ ቁጥርዎን ክንዷ ላይ በውስጥ በኩል በማይጠፋ ብዕር ይጻፉ። አዳራሹ እንደገቡ በቁጥር የሚታወቅ አንድ መግቢያ መርጠው «ከተለያየን እዚህ» ይበሏት፤ «መግቢያው ጋ» ማለት አይበቃም፣ መግቢያው ብዙ ነው። ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከመደወል አጭር የጽሑፍ መልእክት የመድረስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ያለ ንግግር «እንውጣ» የምትልበት ምልክትም ተስማሙ፤ እጅዎን ሁለት ጊዜ መጭመቅ ይበቃል። ምልክቱ ሲመጣ «እስቲ ይሄን ዘፈን ብቻ» አይባልም፤ ቲኬቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይወጣል። አንድ ጊዜ ችላ ከተባለች ሁለተኛ አትጠቀምበትም።

አጠገባችሁ የሰከረ ወይም የሚያጨስ ሰው ካለ አይጣሉት፤ ጥበቃ ጠርተው ቦታ እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ። በመውጫ መተላለፊያ ላይ ሰው ከሁለቱም ትከሻዎ ከነካዎትና እጅዎን ወደ ፊትዎ ማንሣት ካስቸገረዎ መጨናነቁ አደገኛ ደረጃ ደርሷል። ልጅቷን ከፊትዎ አድርገው፣ እጇን ደረቷ ላይ እንደ ቦክሰኛ አስይዘው፣ ግፊቱን ሳይታገሉ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ። የወደቀ ስልክ ለማንሣት ማንም አይጎንበስ። ይህ እንዳይመጣ ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ይውጡ፤ ካልሆነም ሁሉም እስኪወጣ 20 ደቂቃ ያህል ወንበራችሁ ላይ ቆዩ።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የተቆጠረ ይሁን። «ስታድጊ» የሚለው ለልጅ መቼም ማለት ነው። «ቦታው በቁም ስለሆነ አደገኛ ነው፤ አሥራ አንድ ዘፈኖቹን አንብቤ ስድስቱን አልወደድኳቸውም፤ የትኞቹ እንደሆኑና ለምን እንደሆነ ላሳይሽ» ማለት ያስቆጣታል፣ ግን አያዋርዳትም። ቀጥሎም ዕድሜና ሁኔታ ይቁረጡ፦ ለምሳሌ 14 ሲሞላት፣ በወንበር፣ ከወላጅ ጋር። የገቡትን ቃል ይጻፉት፤ እሷ አትረሳውም። ለዘንድሮ ልደቷ ደግሞ ግጥሙ የሚመጥናትን ሌላ ራፐር በቀን በሚደረግ፣ ወንበር ባለበት ዝግጅት ይፈልጉላት፤ ካልተገኘ ያ ኮንሰርት በሚካሄድበት ምሽት ጓደኞቿን ጠርታ የመረጠችውን ሙዚቃ ከፍ አድርጋ ትጨፍር። የሰኞውን ወሬ የሚያቀልላት እሱ ነው። ዘፋኙን በዚያው አጋጣሚ ከስልኳ ላይ አይከልክሏት፤ የሚያተርፉት ተደብቃ መስማቷን ነው። መተግበሪያው ላይ የ«ኢ» ምልክት ያለባቸውን ዘፈኖች የሚያስቀር ማስተካከያ አለ፤ ምልክት ያልተደረገባቸው ሊያመልጡት ስለሚችሉ አልፎ አልፎ አብረው ያዳምጡ።

ከባለቤትዎ ጋር ልጅቷ በሌለችበት ተነጋገሩ። ወረቀቱን ይዘው ይቅረቡ፤ «የቆመውን ቲኬት እኔም አልፈልገውም» ብለው ይጀምሩ። አብዛኛው ስጋቱ እዚያ ጋ ሊሆን ይችላል፤ የጋራ መሬት ካገኛችሁ በኋላ ስለ ግጥሞቹ ማውራት ይቀላል። የተወሰነውን ለልጅቷ ሁለታችሁም ንገሯት። «እኔማ ፈቅጄ ነበር፣ አባትሽ ነው» የምትል ቃል እንዳታመልጥዎ፤ ቀጣዩን ጥያቄ ሁሉ በእርስዎ በኩል ብቻ እንድታቀርበው ታስተምራታለች።

ለጓደኛዋ እናት ደግሞ ዓርብን አይጠብቁ፤ ቲኬት ከገዛች በኋላ መመለስ ያስቸግራታል። ዛሬውኑ እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦ «ልጄን ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ። በቁም ለሚታየው ቦታ አልፈቀድንላትም፤ ለእሷ ቲኬት እንዳትገዢ። ወንበር ያለው ቦታ ላይ እኔ ይዣት ልገባ እያሰብን ነው፤ ከወሰንን ያንቺንም ልጅ አብሬ ልወስዳት እችላለሁ፤ እሑድ አሳውቅሻለሁ።» ሁለቱን ልጆች ይዘው የሚገቡ ከሆነ ግን ሁለተኛ አዋቂ ይጨምሩ፤ የጓደኛዋ እህት ለዚያ ትሆናለች።